ከስድስቱ ኖታዎች ውጪ

ቀጮ ከቀብሩ ወዲህ ያንን ቤት ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር፤ የሄደውም ጊታር ሊያስረክብ ነው። ጊታሩ የሟቹ የባንድ መሪያቸው ነው። በሕይወት ሳለ ሁሉም «አለቃ» ይለው ስለነበር የገዛ ስሙ ተረስቶ፣ ሚስቱን እንኳ ሰው የሚጠራት «የአለቃ ሚስት» እያለ ነው፤ እሷ ግን የራሷ ሙያ ያላት፣ ሰፈሩ ሁሉ መድኃኒቱን ከእጇ የሚወስድ ፋርማሲስት ነበረች። አለቃ በድንገት ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። ጊታሩ ይህን ሁሉ ጊዜ ቀጮ በሚሠራበት የሙዚቃ መሣሪያ መጠገኛ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርሞ፣ አንገቱ ተጣሞ ክሮቹም ዝገው ነበር። ቀጮ አቃናው፣ አዲስ ክር ገጠመለት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዞት ሄደ። አስረክቦ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ።

በሩን የከፈተችለት እሷው ነች። ከሥራ መግባቷ ስለነበር ነጩን ጋውን ገና አላወለቀችም። ጊታሩን ስታይ ልትቀበለው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። ከዚያ ድምፁ እንደ ድሮው መሆን አለመሆኑን ጠየቀችው። ቀጮ ለመቆየት ሰበብ በማግኘቱ ደስ ብሎት፣ ጥጉ ላይ አቧራ ለብሳ የተቀመጠችውን ትንሽ አምፕሊፋየር አበራና፣ ምን ልጫወት ብሎ ሳያስብ ጣቶቹ ወደለመዱት ሄዱ። የሄዱትም ወደ አለቃ ሐረግ፣ እሱ ዘወትር ወደሚደጋግማት አጭር ዜማ ነበር። ባንዱን አንድ ቀን የሰማ ሰው ያንን ሐረግ ያውቀዋል። ክሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ አንዲት የምታቃስት ኖታ ላይ ይሰቅለዋል፣ ቃል እንደጠፋበት ሰው ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ወርዶ ያርፋል።

ሐረጉ ሳያልቅ ከውስጠኛው ክፍል የአሮጊት ድምፅ ተሰማ።

«መጣህ የኔ ልጅ?»

የአለቃ እናት ናቸው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። በቀብሩ ቀን ከማንም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት ግን ትዝታቸው ከቅርቡ ጀምሮ እየተተረተረ ሲሄድ፣ መጀመሪያ የጠፋባቸው የልጃቸው ሞት ሆነ። ለሥራ ርቆ የሄደ ይመስላቸዋል። ሲዘገይባቸው ደግሞ ተቀየሙት፤ እሱ ሳይመጣ አልበላም ብለው ምግብ ከተዉ ቀናት አልፈዋል።

ፋርማሲስቷ ቀጮን አየችው። ሂድም ቆይም የማይል አስተያየት ነበር። ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰችና፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ «አዎ እማማ፣ መጥቷል» አለች። «ደክሞታል፤ ትንሽ ተጫውቶ ያርፋል።»

ቀጮ ግማሽ ሰዓት ተጫወተ። አሮጊቷ አንድ ሳህን ሾርባ ጥርግ አድርገው ጠጡ። ሲወጣ በሩ ላይ ፋርማሲስቷ፣ አንገቷን ደፍታ፣ የሚመጣው ቅዳሜም ይመቸው እንደሆነ ጠየቀችው። እምቢ ማለት ነበረበት። ግን ይህችን ሴት አለቃ በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ይወዳት ነበር፤ ይህንንም ለማንም ተንፍሶት አያውቅም። እሺ ብሎ ወጣ። መንገድ ላይ እየሄደ ሳለ የደስታው ብዛት አሳፈረው።

*

ሦስት ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለሰ። እሱ ሳሎን ተቀምጦ ይጫወታል፤ እናትየው ውስጥ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ፤ እሷ በሁለቱ መካከል፣ ጀርባዋን ለመቃኑ ሰጥታ ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ቢናገር ድምፁ ስለሚያጋልጠው ቃል አይተነፍስም። አሮጊቷ ሲጠይቁ የምትመልስላቸው እሷ ናት፤ አንድ ጊዜ ጉሮሮው ታሟል፣ ሌላ ጊዜ እንቅልፍ ጥሎታል ትላለች። የአለቃን ሐረጎች አንድ በአንድ፣ አለቃ በሚያርፍበት እያረፈ፣ አለቃ በሚቸኩልበት እየቸኮለ ይጫወትላቸዋል። እናትየው አልፎ አልፎ «እሰይ የኔ ልጅ» ይላሉ።

እሳቸው ሲያሸልቡ ሁለቱ ወጥ ቤት ገብተው ሻይ ይጠጣሉ። ቀጮ ስሙ እንደሚለው ቀጭን፣ ወሬው ግን ወፍራም ነበር። ጊታሬ በራሱ ጊዜ ከቅኝት ይወጣል ብሎ ሦስት ጊዜ ለጥገና ያመላለሰ ደንበኛ እንደነበር፣ ኋላ ላይ ሲጣራ ጩኸቱ የመረራት ሚስቱ ዘወር ባለ ቁጥር ክሩን እንደምታላላበት መታወቁን ሲነግራት፣ አሮጊቷ እንዳይነቁ አፏን በሁለት እጇ አፍና እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ደንገጥ ብላ ወደ ውስጠኛው ክፍል አየች። እዚህ ቤት ከሳቀች ስንት ጊዜዋ እንደሆነ አሰበ።

ጎረቤት ማጉረምረም መጀመሩን የነገረችው ራሷ ናት። የአለቃ ሚስት ከባሏ ጓደኛ ጋር ምን አላት ተብሏል። የሟች ታላቅ እህትም በስልክ፣ ወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ ብላታለች። ይህን ስትነግረው ትከሻዋን ነቀነቀች እንጂ አልተማረረችም። እሱ ግን እጁን ወደ እጇ ሊያሻግር ብሎ መልሶ ብርጭቆውን ያዘ።

የተዘረጋው የእሷ እጅ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ያቺን የታወቀች ሐረግ ጨርሶ ቀና ሲል አጠገቡ ቆማለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጎንበስ አለችና የግራ እጁን ከጊታሩ አንገት ሳያነሳው በላዩ ላይ እጇን አሳረፈች። ቀጮ ክሩን አልለቀቀም። ይህቺን ደቂቃ ስንት ዓመት ጠብቋታል።

«እጅህ» አለች፣ በሹክሹክታ። «እጅህ ልክ የሱ እጅ ነው።»

ጣቶቹ ከእጇ በታች በረዶ ሆኑ።

*

ከዚያ ቀን በኋላ ጊታር ማንሳት ፈራ። መጠገኛው ክፍል ውስጥ ብቻውን ሆኖ አንድ ነገር ልሞክር ሲል ጣቶቹ ሳያዛቸው ወደ አለቃ ይሮጣሉ። ሐረጉ ፍጹም የአለቃ ከመሆኑ የተነሳ፣ አንዳንዴ ከኋላው የሚተነፍስ ሰው ያለ እየመሰለው ዘወር ብሎ ያያል። የሚያየው የተሰቀሉ ጊታሮችንና ባዶ ወንበር ነው።

አለቃ ያወረሰው ስድስት ኖታ ነበር። ከኤ ሲነሳ ብሉዝ ስኬል የሚባለው ቅኝት ያው ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኢ እና ጂ ነው። አለቃ ዕድሜውን ሙሉ ከነዚያ አልወጣም። ስድስቱን ጥርት አድርጎ ያወቀ ሰው ሰባተኛ የሚፈልገው ሰነፍ ሲሆን ነው ብሎ ያሾፍ ነበር፤ ቀጮም አምኖት ኖሯል። አሁን ግን አለቃ ያልረገጠው ቦታ መፈለግ ጀመረ። ምሳ ሰዓት ላይ ሱቁ ሲዘጋ፣ ከሐረጉ ሥር እየተፈራረቁ የሚያጅቡትን ሦስት የኖታ ጥምሮች፣ የኤ፣ የዲና የኢ ኮርዶችን፣ በስልኩ ቀድቶ እያዞረ፣ በላያቸው ይሞክራል።

መጀመሪያ ያገኘው ሲ ሻርፕን ነበር። ሲ ላይ ሆኖ ሲያለቅስ የነበረውን ክር አንዲት ፍሬት፣ በጊታሩ አንገት ላይ አንዲት እርምጃ ያህል ሲገፋው፣ ኮርዱ ኤ ከሆነ፣ ለቅሶው መሀል ላይ አንድ ብርሃን ብልጭ ይላል። ግን አጃቢው ወደ ዲ ሲዞር እዚያው ሲ ሻርፕ ላይ ከቆየ ጥርስ አሸዋ የነከሰ ያህል ይጎመዝዛል። ዲ ላይ የሚያስፈልገው ኤፍ ሻርፕ ሆነ። ኢ ሲመጣ ደግሞ ቢ። ሦስት አዳዲስ ኖታዎች፣ ለሦስት ኮርዶች፤ እያንዳንዳቸው ሰዓታቸውን ጠብቀው ካልገቡ የሚያስቀይሙ። ከስድስቱ ጋር ሲደመሩ ዘጠኝ ሆኑ። መደመሩ ቀላል ነው፤ ከቀድሞዎቹ ጋር አዋህዶ ማናገሩ ግን አናቱን አዞረው። ለሳምንታት የተጫወተው ሁሉ የመለማመጃ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው ደረቅ ነበር። ትንሽ ሲዘናጋ ደግሞ የአለቃ ሐረግ መሪውን ይነጥቀዋል።

በዚህ መሀል ሁለት ቅዳሜ ቀረ። ሥራ በዛብኝ አላት፤ እሷ የጎረቤት ወሬ ያባረረው መሰላት። ሁለተኛው ቅዳሜ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደውላ፣ ከሰለቸው በግልጽ እንዲነግራት፣ እንደማትቀየመው፣ ለእማማ የሆነ ነገር ፈልጋ እንደምትነግራቸው በቀዝቃዛ ድምፅ አስታወቀችው። ቀጮ ምክንያቱን ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። የባልሽን ሐረግ መጫወት አልቻልኩም ተብሎ እንዴት ይነገራል? የሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ ብቻ ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ነው ነገሩ የተገለጠለት። ኮርዶቹ ሦስት ዙር ሄደው ነበር። ኤ ላይ ከሲ ወደ ሲ ሻርፕ ተንሸራተተ፣ ሳይጎተት ኤፍ ሻርፕ ላይ ዲን አገኘው፣ ከዚያ ቢን ነካ አድርጎ፣ መጨረሻ ላይ በአሮጌዋ ኢ ፍላት አሳልፎ ወረደ። የሰማው ነገር ከማንም ሰምቶት የማያውቀው ነበር። ክሩን በመዳፉ አፍኖ ቁጭ አለ። ዘወር ብሎ ማየት አላስፈለገውም። ክፍሉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ነበር፤ ብቸኝነቱም ከኋላው ይተነፍስ ከነበረው ጥላ ይልቅ አስፈራው።

*

ቅዳሜ ሲገባ ሰላምታዋ አጭር ነበር። የሚቀመጥበትን ወንበር እንኳ አላቀረበችለትም። ከውስጥ አሮጊቷ፣ «ሁለት ሳምንት ጠፋህብኝ፣ ጨካኝ» ብለው ወቀሱ። ቀጮ አምፕሊፋየሯን አበራ፣ ስልኩ ላይ ኮርዶቹን አስጀመረ። የመጀመሪያውን ዙር ሲያሳልፍ ገና ሊመለስበት የሚችል በር እንዳለ ያውቅ ነበር። የአለቃን ሐረግ ቢነካት ሁሉም እንደ ነበረ ይቀጥላል፤ እናትየው ይበላሉ፣ እሷም ወጥ ቤት ገብታ ትስቃለች፣ እሱም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ የሌላ ሰው እጅ ሆኖ ይኖራል።

የራሱን ተጫወተ።

ምናልባት አራት ደቂቃ ቢሆነው ነው። መጀመሪያ ላይ ጣቶቹን እያየ ነበር፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ረሳቸው። ሲጨርስ የስልኩን ድምፅ ዘጋው። ከውስጠኛው ክፍል የአልጋ ሲጢጥታ ተሰማ።

«ማነው እዚያ ያለው?» አሉ አሮጊቷ።

ቀጮ እጁን ከክሩ አነሳ።

«ልጄ አይደለም። ልጄ እንዲህ አይጫወትም። ማነህ አንተ?»

ቀጮ ጊታሩን ከጎኑ አሳርፎ ተነሳ። «እኔ ነኝ እማማ፣ ከልጅዎ ጋር አብሬ እጫወት የነበርኩ። ቀጮ ይሉኛል።»

«እሱስ?»

ይህንን መመለስ የእሱ አልነበረም። ዞር ብሎ አያት። መቃኑን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች፣ ፊቷ ላይ ደም የለም።

«ሞቷል እማማ» አለች። «ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው።»

አሮጊቷ አልጮኹም። እንደ ሕፃን፣ ቀስ ብሎ የሚጀምርና ማቆሚያ የሌለው ለቅሶ ጀመሩ። እሷ ገብታ አቀፈቻቸው። ቀጮ መሀል ቤት እንደቆመ ቀረ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመልሳ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆማ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ጠየቀችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለው ነበር።

«ሦስት ወር ሙሉ እዚህ እየመጣሁ አንድም ቀን አልመጣሁም» አላት። «የምትሰሚው እሱን ነው፤ የነካሽው የሱን እጅ ነው። እኔን አንድ ጊዜ እንድትሰሚኝ ፈለግሁ።»

«በእሳቸው ዋጋ?»

ቀጮ ዓይኑን ወደ ጊታሩ መለሰ።

«ሂድ» አለችው። «እባክህ አሁን ሂድልኝ።»

ሄደ። ከመውጫው ደፍ ሲወርድ የአሮጊቷ ለቅሶ እስከ መንገዱ ተከተለው፤ የፈለገውን ያገኘ ሰው ይህን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል አያውቅም ነበር።

*

ደብዳቤዋ የመጣው ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ሱቁ ድረስ መጥታ፣ እሱ ምሳ ወጥቶ ስለነበር፣ ለአሠሪው ትታለት ሄዳ ነበር። የመድኃኒት መያዣ በሆነች ትንሽ የወረቀት ከረጢት ውስጥ ታጥፎ የገባ አንድ ወረቀት ነው። ቀጮ በጠራራ ፀሐይ በሩ ላይ እንደቆመ አነበበው።

«በአንተ ተናድጄ ደብዳቤ ስጽፍ ስቀድ ከረምኩ። የተናደድኩት በራሴ መሆኑ ሲገባኝ ነው ይህኛው ያልተቀደደው። ለእማማ ብዬ ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ውሸቴን ነው። መጥቷል ብዬ ስመልስላቸው ከሳቸው ይልቅ ደስ የሚለው እኔን ነበር። ሞቷል የሚለውን ቃል ያን ዕለት ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። በቀብሩ ቀን እንኳ አላልኩትም፤ ሰዎች አሉልኝ።

እማማ ይረሱታል። ጠዋት ሲነሱ ይጠይቁኛል፣ እነግራቸዋለሁ፣ አልቅሰው ሲያበቁ ቁርስ እንበላለን። አንዳንድ ጠዋት ሳይጠይቁኝ ያውቁታል። ከባድ ነው፤ ግን አሁን ቤቱ ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች መሆናችንን አውቃለሁ።

አንተንም በድዬሃለሁ። ሥጋና ደም ያለህን ሰው ወንበር አድርጌ ሌላ ሰው አስቀምጬብህ ነበር። የተጫወትከውን ዜማ ላስታውሰው ሞክሬ አልያዝ አለኝ። አንድ ቦታ ላይ ግን፣ አሁንስ አልቅሶ ሊወድቅ ነው ስል፣ ቀና ያለ መሰለኝ። ያ አንተ ከሆንክ እስከዛሬ አላውቅህም ማለት ነው። ፈራሁህ። ቢሆንም ና።»

ወረቀቱን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ዓይኑ ፊደሎቹን አልለይ አለው።

*

ፋርማሲው ውስጥ አምስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ቀጮ ስድስተኛ ሆኖ ቆመ። ቀና ስትል አየችው፤ የምትቆጥረው ኪኒን ተሳሳተባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች። ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲጠጋ ከኋላው ማንም አልነበረም።

ማለት የሚፈልገውን መንገድ ላይ ሲያጠና መጥቶ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው። አለቃ በሕይወት እያለም እወድሽ ነበር አላት። በጓደኛዬ ቤት፣ ከጓደኛዬ ማዕድ እየበላሁ። ይህን ሳትሰሚ ና እንዳትይኝ ብዬ ነው።

ኪኒን የምትቆጥርበትን ሳህን ስትወለውል ቆየች። ጉንጯ ቀልቷል።

«ይሄንን ለእማማ እንዳትነግራቸው» አለች በመጨረሻ፤ ቀጮ ከአንጀቱ ሳቀ።

ከዚያ የፈለገችውን ነገረችው። እማማ ልጃቸው እንዴት እንደሞተ ይጠይቃሉ፤ እሷም የምትመልሰው የላትም። መድረክ ላይ ሲወድቅ አብሮት የነበረው ቀጮ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው አታውቅም፤ ፈርታ። ዛሬ አብሯት ሄዶ ለሁለቱም እንዲነግራቸው ለመነችው። ጊታር ሳይዝ።

ተረኛዋን በቦታዋ ተክታ፣ ጋውኗን ሰቅላ ወጣች። ሰፈሩ በሚያያቸው ሰዓት፣ ሰፈሩ በሚያያቸው መንገድ ጎን ለጎን ሄዱ። ከየት እንደሚጀምር ጠየቀችው። ቀጮ ከጠዋቱ እጀምራለሁ አላት፤ የዚያን ዕለት ለልምምድ ሲመጣ በጣም ያሳቀን ነገር ነበር። አንድ እግሩ ጥቁር፣ አንድ እግሩ ቡናማ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው።

ቀጥ ብላ ቆመች። «ምን አልክ?»

«የተለያየ ጫማ። ስንስቅበት፣ የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ ገና አሁን ነው የተኛችው፣ መጋረጃ ከፍቼ እንዳልቀሰቅሳት በዳበሳ ለበስኩ አለን። ቀኑን ሙሉ በሱ ዋለ። መድረክ ላይም በሱ ነበር የወጣው።»

ፋርማሲስቷ የቀጮን እጅጌ ያዘች። ሆስፒታል ልብሱን ሲያስረክቧት ጫማው የተለያየ ስለነበር፣ ይሄ የባሌ አይደለም፣ የሌላ ሰው አምታታችሁብኝ ብላ ተሟግታ ነበር። ሬሳውም የእሱ አይሆንም ብላ ለአንድ ሰዓት ተስፋ አድርጋ ነበር። ይህን በተቆራረጠ ቃል ነገረችው። ከዚያ መሀል መንገድ ላይ፣ እጅጌውን እንደጨበጠች፣ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ያቆየችውን ለቅሶ አለቀሰች። አላፊ አግዳሚው ዞር እያለ ያያቸው ነበር።

ቀጮ እንደ ግድግዳ ቆሞላት አብሯት አለቀሰ። የምታለቅሰው ለሌላ ሰው ነው። አወቀው፤ ደረቱ ውስጥም ያንን የለመደውን የቅናት መርፌ ፈለገው፤ አጣው። በሞተው ሰው አልቀናም። ናፈቀው ብቻ።